አባቴን «ከመንግሥት 300 ሺህ ብር አለልህ» አሉት፤ ጅማ ላይ ለገበሬ በእውነት የሚደርሰው ድጋፍ ምንድን ነው?

የጎማ ልጅ
እንደምን አመሻችሁ። እኔ የምኖረው ጅማ ከተማ፣ ሂርማታ ነው። ቤተሰቦቼ ግን ጎማ ወረዳ ናቸው፤ ከአጋሮ ትንሽ ገባ ብሎ። አባቴ አንድ ሄክታር ተኩል ገደማ ቡና አለው። ግማሹ አርጅቷል፤ አንዳንዱ ዛፍ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል። ከቤት ጀርባ ደግሞ በትንሽ መሬት በቆሎ ይዘራል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው በሞተር ቀበሌያችን መጣ። «መንግሥት ለቡና ገበሬ የማይመለስ 300 ሺህ ብር እየሰጠ ነው» አለ። ፎርም ለማስሞላት ከእያንዳንዱ ሰው 1,500 ብር ይቀበላል። የመታወቂያና የመሬት ደብተር ፎቶም በስልኩ ያነሳል። ጎረቤቶቻችን ከፍለዋል። አባቴ ከመክፈሉ በፊት ደወለልኝ። «አንተ ተምረሃል፤ እውነት ነው ወይ?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። ሁለት ቀን ታገሰኝ አልኩት።

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እንዲህ ያለ ገንዘብ አለ? ከሌለስ ለአነስተኛ ገበሬ በእውነት የሚደርሰው ምንድን ነው? አባቴ ስልሳ አልፎታል። ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበት ጉልበት የለውም።

የሰቃ ልጅ
ወንድሜ፣ አደራህን! አባትህ አንድ ብር እንዳይከፍል። ይህ ነገር እኛን በልቶናል። አምና እኛ ሰፈር የመጡት «የንብ ቀፎና የውሃ ፓምፕ ድጋፍ» ብለው ነው። አጎቴ 2,000 ብር ከፈለ። ማህተም ያለበት ወረቀት ሰጡት። ወረዳ ይዞት ሲሄድ ማህተሙን የሚያውቀው ሰው ጠፋ። የሰዎቹ ስልክም ተዘጋ።

ገንዘቡ ይቅር። አጎቴ ለሦስት ሳምንት ገበያ አልወጣም። ሌሎች አምስት ሰዎችን «ኑ ተመዝገቡ» ብሎ የወሰዳቸው እሱ ነበር። እስከ ዛሬ ፊታቸውን ማየት ያፍራል።

የደብተር ፎቶ የሰጡ ጎረቤቶቻችሁ ዛሬ ነገ ሳይሉ ለቀበሌው መሬት አስተዳደር ያሳውቁ። ለፖሊስም ያመልክቱ። ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲያመለክት ይሰማል።

ድሮ ዲኤ
ልጄ፣ አባትህ ደውለው ስለጠየቁህ አላህ ይስጣቸው። እኔ 19 ዓመት የልማት ጣቢያ ሠራተኛ (ዲኤ) ነበርኩ። መጀመሪያ ማና፣ በኋላ ቀርሳ። በዚያ ሁሉ ዓመት ገበሬን በስሙ ጠርቶ የማይመለስ መቶ ሺህ ብር የሚያስረክብ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ምግብ ወይም ጥቂት ብር የሚሰጠው ሴፍቲኔት የሚባለው አለ፤ ከ1997 ጀምሮ። እሱ ግን የምግብ እጥረት በየዓመቱ ለሚመላለስባቸው ወረዳዎች ነው። እንደ ጎማ ያለ የቡና ወረዳ ውስጥ አትጠብቀው።

ድጋፍ ግን አለ። በብር መልክ አይመጣም እንጂ አለ። በችግኝ ይመጣል። ዋጋው በተደጎመ ማዳበሪያ ይመጣል። በኖራ፣ በሥልጠና፣ በብድር ይመጣል። ችግሩ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። አንዱ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ማህበር፣ አንዱ ባንክ ነው። ገበሬው ሁሉንም አያውቅም። አታላይ የሚገባውም በዚህ ቀዳዳ ነው።

አባትህን መጀመሪያ የሚመለከታቸው ያረጀው ቡና ነው። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ጉንደላ ነው። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ግንዱን ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ትተህ በሰያፍ ትቆርጠዋለህ። በሰያፍ የሚቆረጠው ውሃ እንዳይቋጥርና ግንዱ እንዳይበሰብስ ነው። ዝናብ ሲገባ ያቆጠቁጣል። ጠንካራ ሁለት ሦስት ቡቃያ ትተህ የቀረውን ታነሳለህ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ይይዛል። ሥሩ ትልቅ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ቶሎ ይደርሳል።

ብዙ ገበሬ ለጉንደላ እሺ አይልም። አልፈርድበትም። «ዛፌን ቆርጬ ሁለት ዓመት ምን ልበላ?» ይላል። ስለዚህ ሁሉንም በአንዴ አይቁረጡ። ዘንድሮ አንድ አራተኛውን፣ ከርሞ ሌላውን አንድ አራተኛ። እኔ በሠራሁበት ቀበሌ መጋዝ ከማህበሩ እንዋስ ነበር። ባለሙያ ወርዶ በአንድ ማሳ ላይ ያሳያል፤ ከዚያ ጎረቤት ለጎረቤት ደቦ ይወጣል። ይህን ለማግኘት ፎርም የለም። ለቀበሌው ዲኤ «ጉንደላ አሳየኝ» ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ መተካት ነው። እኛ ወረዳ ከችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት በነፃ ሰጥተናል። አሁንም በአረንጓዴ አሻራ ከሚተከሉት አንዱ ቡና ነው። አባትህ ዝርያውን ጠይቀው ይውሰዱ። 74110፣ 74112 የሚባሉት መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የለቀቃቸው ናቸው። በ1963 ገደማ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ ያረግፈው ነበር። ያን ጊዜ ተመራማሪዎች ከየጫካው እየዞሩ በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መረጡ። በፈረንጆቹ 1974 ስለተመረጡ ነው ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው። ይህን ለገበሬ ስነግር ዓይኑ ሲበራ አይቻለሁ። መድኃኒት ሳይረጭ የሚቆምለት ዛፍ ማለት ነዋ።

የጎማ ልጅ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለአባቴ አሁን ደውዬ አነበብኩለት። ስለ ጉንደላው ዝም አለ። በኋላ «ያንተ አያት የተከለውን ነው ቁረጥ የምትለኝ?» አለኝ። አልገፋሁትም። «በዳር ያሉትን እንሞክር» ብለን ተለያየን።

ሰውዬው ነገ እንደሚመለስ ሰምተናል። ጎረቤቶቻችን ተነጋግረው ለቀበሌው ሊቀመንበር ሊናገሩ ነው።

ማዳበሪያውስ? አባቴ ሰኔ ላይ ለበቆሎው ሊገዛ ሄዶ «ስምህ የለም» ተብሎ ተመልሷል።

የማህበር ሂሳብ ሠራተኛ
ይህን እኔ ልመልስ። በአንድ የገበሬዎች መሠረታዊ ማህበር ውስጥ ነው የምሠራው። «ስምህ የለም» የሚለውን ቃል በዓመት መቶ ጊዜ ለመናገር እገደዳለሁ። ሁልጊዜ ያመኛል።

ማዳበሪያ ሰኔ ላይ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ፍላጎቱ የሚሰበሰበው ብዙ ወር ቀድሞ ነው። ዲኤው ቤት ለቤት ይመዘግባል። ቀበሌው ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል፣ ክልሉ ለፌዴራል ያስተላልፋል። ከዚያ የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ከውጭ ይገዛል። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፤ በመኪና ይጓጓዛል፤ የማህበራት ኅብረት በሆነው ዩኒየን በኩል እኛ መጋዘን ይገባል። ቀድሞ ያልተመዘገበ ሰው ሰኔ ላይ ድርሻ የለውም። አንዳንዱ ሲመዘገብ «ዋጋው ካልታወቀ አልፈልግም» ይላል። አንዳንዱ ያን ቀን ገበያ ሄዷል። አባትህ የትኛው እንደሆኑ አላውቅም። ብቻ ዘንድሮ መኸር ሳያልቅ ዲኤውን ያግኙና ስማቸው ከነመሬታቸው ስፋት መጻፉን በዓይናቸው ይዩ። ስንት ዩሪያ፣ ስንት ኤንፒኤስቢ የሚባለው ማዳበሪያ እንደተጻፈላቸውም ይጠይቁ።

ድጎማው ለገበሬው አይታየውም። በዋጋው ውስጥ ነው ያለው። በ2014 የዓለም ዋጋ ሲሰቀል መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለማዳበሪያ መደጎሚያ መድቦ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ድጎማው አልተነሳም። ገበሬው የሚያየው ከኪሱ የሚወጣውን ነው፤ እሱም ከብዶታል። ሁለቱም እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ሳይጠየቅ የምናገረው አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤት ውስጥ እህል ያልቃል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው። ልጅ ይታመማል። ያን ጊዜ ነጋዴ ይመጣና በዛፉ ላይ ያለውን ቡና ገና በጥሬው ይገዛል። ጥቅምት ላይ ቀይ እሸቱ ሲደርስ ገበሬው ለቅሞ የሚያስረክበው ለዚያው ነጋዴ ነው። ዋጋው እጥፍ ቢሆን አይጠቅመውም። አንድ ዓመት የለፋበት ቡና በሁለት ኩንታል በቆሎ ዋጋ ሲሄድ አይቻለሁ። ለእኔ ለቡና ገበሬ ትልቁ ድጋፍ በእነዚህ ሁለት ወራት የሚደርስ ጨዋ ብድር ነው። ማህበርተኛ የሆነ ሰው የቁጠባና ብድር ማህበር ውስጥም ይግባ። በወር ትንሽ ትንሽ የቆጠበ ነሐሴ ላይ ነጋዴ ደጅ አይቆምም።

የማህበሩም ሌላ ጥቅም አለ። እሸቱን ለማህበር ያስረከበ ሰው፣ ቡናው በዩኒየን በኩል ተሸጦ ሲተርፍ የትርፍ ክፍፍል ይመጣለታል። በእኛ አካባቢ አጋሮ ላይ ካታ ሙዱጋ፣ ሊሙ ገነት ላይ ሊሙ ኢናራ አሉ፤ ከ1991 ጀምሮም የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን አለ። ክፍፍሉ የሚሰላው ባስረከብከው ኪሎ ልክ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ አይጣል! ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልሎ ጣራ ውስጥ የሚያስቀምጥ አንድ ሽማግሌ አለን። በክፍፍል ቀን ሳይከራከር የሚወጣ እሱ ብቻ ነው።

የቀርሳ ልጅ
ስለ ማዳበሪያ ከተነሳ የእናቴን ነገር ልንገራችሁ። እናቴ ሰርቦ አጠገብ ነው የምታርሰው። አባታችን ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖታል። በቆሎ ነው ሥራዋ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ማዳበሪያ ገዝታ ዘራች። ዘሩም ጥሩ ነበር፣ ቢኤች 661። ግን በቆሎው ጉልበት ድረስ ያድግና ቅጠሉ ወይን ጠጅ እየመሰለ ይቀራል። ጎረቤት «ዓይን ነው» አላት። እሷም ማመን ጀምራ ነበር።

አንድ ዘመዳችን «አፈሩን አስመርምሩ» አለን። ከማሳው ከአሥራ አምስት ቦታ፣ እየተጠማዘዝን፣ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረን አፈር ወሰድን። በንጹህ ባልዲ ቀላቀልነው። አንድ ኪሎ ያህሉን ይዘን ሄድን። ውጤቱ አሲዳማ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አፈሩ ይይዘዋል፤ ለሰብሉ አይለቀውም። እናቴ ሦስት ዓመት ገንዘቧን መሬት ውስጥ ስትቀብር ነበር። ሲነገራት አለቀሰች።

መድኃኒቱ የአፈሩን አሲድ የሚቀንሰው ኖራ ነው። የኢትዮጵያ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል፤ ምዕራቡ ደግሞ ዝናብ ስለሚበዛበት ይብሳል። መንግሥት ኖራ በድጎማ ያቀርባል። የእኛ ተሞክሮ ግን ቀላል አልነበረም። ኖራው ወረዳ ደረሰ፤ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የሚያመጣው መኪና ጠፋ። አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ ላይ ተቀምጦ ድንጋይ የሆነ ጆንያ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አሥር ቤተሰብ ሆነን አይሱዙ ተከራየንና ራሳችን አመጣነው። ለአንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ስለሚያስፈልግ ለብቻ አይቻልም።

ኖራ ከዘር ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ነው የሚበተነው። ከአፈሩ ጋር በደንብ ይታረሳል። ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ቀን አይበተንም። በሁለተኛው ዓመት የእናቴ በቆሎ ከቁመቷ በላይ ሆነ። ማሳው ውስጥ ገብታ ፎቶ አንሱኝ አለች።

የጎማ ልጅ፣ አባትህ ማዳበሪያ ከመግዛቱ በፊት አፈሩን ያስመርምር። የምለምንህ ይህን ነው።

የማና ሽማግሌ
አሰላሙ ዓለይኩም። ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ስለ ብድር ብዙ ተባለ። እኛ ወለድ አንበላም፣ አንከፍልም። ስንቱ ወንድሜ በዚህ ምክንያት ብድር ሳይጠይቅ ኖረ። ወለድ የሌለበት መንገድ ካለ ንገሩን።

ባንክ ቤት ነኝ
ወዓለይኩም ሰላም አባቴ። መንገድ አለ። ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የማስታወቂያ ነገር እንዳይሆን የራሴን ባንክ ስም አልጠራም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት አሁን በብዙ ባንክ አለ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ኑር»፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ «አልሁዳ» የሚሉት አላቸው። ዘምዘምና ሂጅራ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ናቸው።

ለገበሬ የሚመቸው ሙራባሃ ነው። ባንኩ ገንዘብ አይሰጥዎትም። የፈለጉትን ዕቃ፣ ለምሳሌ የውሃ ፓምፕ ወይም የበቆሎ መፈልፈያ፣ ባንኩ ራሱ ይገዛል። የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ ለእርስዎ ይሸጣል። እርስዎ በተስማማችሁበት ጊዜ ከፋፍለው ይከፍላሉ። ዋጋው ከተፈረመ በኋላ አይጨምርም። ሲሄዱ የዕቃውን የዋጋ ማቅረቢያ ከሻጭ ይዘው ይሂዱ። ክፍያውም ከመከር በኋላ እንዲሆን ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ። የቡና ገበሬ ሐምሌ ላይ ክፈል ቢባል ከየት ያመጣል?

ስለ ዋስትና ብዙ ሰው የድሮውን ነው የሚያውቀው። «ከተማ ቤት ከሌለህ ባንክ አትሂድ» ይባል ነበር። አሁን ሕጉ ተለውጧል። አዋጅ 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ከብት፣ መጋዘን ያለ እህል፣ ማሽን ሊያዝ ይችላል። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ 1324 ደግሞ የመሬት የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። መሬቱ አይሸጥም። ዕዳው ካልተከፈለ አበዳሪው ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብቱን ነው የሚያገኘው። ቢሆንም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሬቱ የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ባልና ሚስት በደብተሩ ላይ ሁለቱም አሉ፤ ሁለቱም መስማማት አለባቸው። አንዱ ተደብቆ ሊፈርም ሲመጣ መልሼ የላክሁበት ቀን አለ፤ ሚስቱ በኋላ መጥታ እጄን ሳመችኝ።

መሬቱን ሳይነኩ በቡድን ዋስትና መበደርም ይቻላል። ሲንቄ ባንክ ቀድሞ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነበር፤ በ2013 ነው ባንክ የሆነው። የቡድን ብድር የቆየ ሥራው ነው። ጥቂት ሰዎች እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። ሲመርጡ ዘመድነትን ትተው ዕዳውን የሚከፍል ሰው ይምረጡ፤ አንዱ ካልከፈለ በሌሎቹ ላይ ይመጣል።

ከቤት ከመነሳታችሁ በፊት የፋይዳ መታወቂያ፣ የመሬት ደብተር፣ የዘንድሮ የመሬት መጠቀሚያ ግብር ደረሰኝና ከማህበር የአባልነት ማረጋገጫ ያዙ። ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ በአንዲት ደረሰኝ ምክንያት የሚመለስ ሰው ሳይ ልቤ ይደማል።

ተስፋ የቆረጠ
ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሁላችሁም የምትሉት ወረቀት ላይ ያለውን ነው። እኛ ቀበሌ ሥልጠናውም፣ ምርጥ ዘሩም፣ ጫጩቱም ለአሥር ሰዎች ነው የሚደርሰው። ሁልጊዜ ለእነዚያው አሥር። አባቴ በሃያ ዓመት አንድ ቀን ተጠርቶ አያውቅም። ምን ይደረግ?

ድሮ ዲኤ
ልጄ፣ ልክ ነህ። እኔም በዚህ በደል ውስጥ ነበርኩ፤ ልሸሽገው አልፈልግም። ከላይ «በዚህ ሳምንት ሃያ ገበሬ አሠልጥነህ ሪፖርት ላክ» ይባላል። ዲኤው ሞተር የለው፣ ነዳጅ የለው። የሚጠራው መንገድ ዳር ያለውን፣ ስልክ ያለውን፣ ቶሎ የሚሰማውን ሞዴል አርሶ አደር ነው። ውጤቱም እዚያ ያምራል፣ ጎብኚም እዚያ ይወሰዳል። ከወንዝ ማዶ ያለው ገበሬ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም የቀረው። አልደረስንለትም።

የሚሠራው አንድ ነገር አይቻለሁ። ብቻህን አትሂድ። አምስት ስድስት ጎረቤት ሁናችሁ በስማችሁ የተፈረመ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። የፈለጋችሁትን በቁጥር ጥቀሱ። «ድጋፍ ይደረግልን» ብቻ አትበሉ። «1,200 የቡና ችግኝ፣ አንድ የጉንደላ ሥልጠና፣ ከሰኔ 10 በፊት» በሉ። አንዱን ቅጂ ለቀበሌ፣ አንዱን ለወረዳ ግብርና ስጡ። የተቀበለበትን ቀንና ፊርማ በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ባለሙያ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ ቁጥር ያለበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ መቅበር ይከብዳል።

ስልክ ብቻ ያለው ደግሞ 8028 ይደውል። በነፃ ነው፤ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ስለ ሰብል ምክር ይሰጣል። ዓይናቸው ለማያነብ ወላጆች በጣም ይጠቅማል።

ወተት በጅማ
እኔ በወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው የጀመርኩት። በ2009 በአዋጅ የወጣው 10 ቢሊዮን ብር ማለቴ ነው። ስድስት ሆነን ሦስት ላም ገዛን። ያን ጊዜ ብዙ ጓደኞቼ «የመንግሥት ብር ነው፣ ማን ይጠይቃል» ብለው ወሰዱ። ብድር ነበር። ዛሬ ድረስ ዕዳው ያለባቸው አሉ። እኛም ሁለቱ ጥለውን ሄዱ፤ የእነሱን ድርሻ አራታችን ከፈልን። ሁለት ዓመት ጫማ ሳልገዛ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ላሞቹ አምስት ሆነዋል።

የምመክረው፣ መኖ ሳታስቡ ላም አትበደሩ። እኛን ሊጥለን የነበረው የፋጉሎ ዋጋ ነው። በ2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከመጣ ወዲህ የተሻሻለ ዘርና ጫጩት የሚጠይቅ ሰው በዝቷል፤ ደስ ይላል። ግን የ45 ቀን ጫጩት ስትቀበሉ ክትባቱን ጠይቁ። እህቴ ሃምሳ ወስዳ በፈንግል ሠላሳ ስምንቱን በአንድ ሳምንት ቀብራለች።

የሊሙ ንብ አናቢ
ስለ ንብ ማንም ስላላነሳ ነው። ዘመናዊ ቀፎ ብቻ ሲሰጥ አትደሰቱ። ቀፎ ያለ ሰም፣ ያለ ማር ማጣሪያ፣ ያለ መከላከያ ልብስ ባዶ ሳጥን ነው። ለሦስት አራት ሰው አንድ ማጣሪያ አብራችሁ ጠይቁ። ቡና በሚያብብበት ጊዜ ንብ ለቡናውም ይጠቅማል፤ ለጎማ ልጅ አባት ሁለት ቀፎ በቡናው ጥግ ቢኖር መልካም ነው።

የጎማ ልጅ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ገለቶማ። ሦስት ቀን ጠፍቼ የነበረው አገር ቤት ስለሄድኩ ነው።

ሰውዬው ተመልሶ አልመጣም። የቀበሌው ሊቀመንበር ሊይዘው እየጠበቀው ነበር፤ ሰምቶ ይሆናል። የከፈሉት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ስማቸውንና የከፈሉትን ጽፈን አጋሮ ፖሊስ አስገብተናል። አንዷ እናት ለልጇ ደብተር መግዣ ያስቀመጠችውን ነው የሰጠችው። ከልቤ አልወጣችም።

የአባቴን የመሬት ደብተር ከእናቴ ሳጥን ሥር አገኘነው። የአያቴ ስም ነው ያለበት። አባቴ በውርስ አላስዞረውም። ሃያ ሁለት ዓመት ግብር ሲከፍል በሟች ስም ነበር። ባንክ ቤት ያሉት ወንድሜ ወረቀት አዘጋጁ ባይሉ መቼም አናየውም ነበር። ስም ለማዞር ከየት እንደሚጀመር የምታውቁ ንገሩኝ።

ድሮ ዲኤ
ከቀበሌ ጀምሩ። ወራሽነትን የሚያረጋግጥ ውሳኔ ከወረዳ ፍርድ ቤት ይወጣል። እሱን ይዛችሁ ወረዳ መሬት አስተዳደር ትሄዳላችሁ። አክስቶችና አጎቶች ካሉህ ሁሉም መገኘት አለባቸው፤ አስቀድመህ በሽምግልና አነጋግራቸው። እናትህ በአዲሱ ደብተር ላይ ስማቸውና ፎቷቸው እንዲገባ አትርሳ።

የጎማ ልጅ
አክስቶቼ ሁለት ናቸው፤ አንዷ አጋሮ፣ አንዷ በደሌ። ቅዳሜ እናገኛቸዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ። ማታ ስንነጋገር አባቴ ዝም ብሎ ቆየና ተነስቶ ወጣ። ፋኖስ ይዞ ቡናው ውስጥ ገባ። ስመለከት በዳር ያሉትን አርጅተው የደረቁትን ስምንት ዛፎች ግንድ በነጭ ጨርቅ እያሰረ ነው። «ጥር ላይ እነዚህን» አለኝ። የበቆሎውን አፈርም ጠዋት አብረን ቆፍረን ወሰድን፤ አሁን በፌስታል ሆኖ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሰኞ ለምርመራ አስገባዋለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።